የሰው ሒሳብ ጽፎ ማደር

በአንድ ዕድር የሆነውን ላጫውታችሁ። ዕድሩ ሰማንያ ያህል አባወራዎች አሉት። ገንዘብ ያዡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ለዐሥራ አንድ ዓመት የዕድሩን ገንዘብ ሲይዙ አንድ ቀን እንኳ ተጠርጥረው አያውቁም። መዝገባቸው ግን ጭንቅላታቸው ነበር። እገሌ ከፍሏል፣ እገሌ የሁለት ወር ቀርቶበታል፣ ለድንኳን ይህን ያህል ወጥቷል፤ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። አንድ ክረምት ጠንከር ያለ ሕመም ያዛቸው። ተሽሏቸው ሲነሡ የዕድሩ ዳኛ «እስቲ እንተሳሰብ» አለ። ሣጥኑ ተከፍቶ ገንዘቡ ተቆጠረ። 14,200 ብር ጎደለ።

ሦስት እሑድ በዋርካው ሥር ተቀምጠው መከሩበት። ሽማግሌው «አልበላሁም» ከማለት በቀር የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። የትኛው ወጪ እንደተረሳ እሳቸውም አላወቁትም፤ ሕመሙ ብዙ ነገር አስረስቷቸዋል። በመጨረሻ ጊደራቸውን ሸጠው ከፈሉ። ስድስት ወር እንዳለፈ ለዕድሩ የድንኳን እንጨትና ገመድ የሸጠው ነጋዴ በደብተሩ ላይ የ8,500 ብር ሽያጭ አገኘ። የቀረው 5,700 ብር ለሁለት ለቅሶ እህል መግዣና ለመኪና ኪራይ እንደወጣ አብረው የሄዱት ሰዎች አስታወሱ። ዕድሩ ገንዘቡን መለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ጊደሯ ግን በሌላ ሰው ደጅ ወልዳ ነበር። ሽማግሌውም ከዚያ ወዲህ በዕድሩ ስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ሌባ አልነበሩም፤ ዕድርተኛውም ክፉ አልነበረም። የጎደለው ሁለት መስመር ጽሕፈት ነው።

ያን ጊዜ በማታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ ከጨረሱት ገበሬዎች አንዱ «ከእንግዲህ እኔ ልጻፍ» ብሎ ተነሣ። ዕድሜው አርባን አልፏል፤ አራሽ ነው፤ ልጆች አሉት። መጀመሪያ ለዕድሩ በነፃ ጻፈ። ቀጥሎ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት ጠሩት። ከዚያ ባለ ሱቆች መጡ። ዛሬ ገበያው ዳር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የስድስት ደንበኞች ሒሳብ ይይዛል፤ አንዲት ረዳትም ቀጥሯል። በዚህ ትምህርት የምነግራችሁ ከጎኑ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። እኔ ይህን ሙያ በዩኒቨርሲቲ በትልልቅ ቃላት ተምሬዋለሁ፤ እሱ በአንዲት ደብተር ሲሠራው ሳይ ብዙ ጊዜ አፍሬአለሁ።

ሒሳብ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው ቤተ መንግሥት ገንዘቡንና ዕቃውን የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በባሕር ማዶም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 ሉካ ፓቾሊ የሚባል አንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ በቬኒስ ከተማ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መዝገብ አያያዝ ጻፈ። መነኩሴው ዘዴውን እኔ ፈጠርሁት አላለም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች የሚሠሩበትን አይቶ ነው የጻፈው። የዘዴው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ገንዘብ ከአንድ ቦታ ሳይወጣ ወደ ሌላ ቦታ አይገባም። ባለ ሱቁ በ2,000 ብር ስኳር ሲገዛ ከሣጥኑ 2,000 ብር ይጎድላል፤ በመደርደሪያው ላይ ግን የ2,000 ብር ስኳር ይጨመራል። ስለዚህ አንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይጻፋል። ትልልቅ ድርጅቶች እስከ ዛሬ የሚጽፉት በዚሁ ነው። ለትንሽ ሱቅና ለወፍጮ ግን ለመጀመሪያው አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹ አምስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ።

የወፍጮ ቤቱን የአንድ ሳምንት ገጽ እነሆ፤

ሰኞ፣ ካለፈው ሳምንት የዞረ፣ 1,200 ብር
ሰኞ፣ ከወፍጮ ገቢ፣ 850 ብር
ማክሰኞ፣ ለናፍጣ ወጪ፣ 1,100 ብር
ረቡዕ፣ ከወፍጮ ገቢ፣ 640 ብር
ሐሙስ፣ ለቺንጋ ወጪ፣ 450 ብር
ቅዳሜ፣ ከወፍጮ ገቢ፣ 2,300 ብር
ቅዳሜ፣ ባለቤቷ ለቤት የወሰዱት፣ 700 ብር

የዞረውና ገቢው ሲደመር 4,990 ብር ይሆናል። ወጪው 2,250 ብር ነው። ስለዚህ ከወጪ ቀሪው 2,740 ብር መሆን አለበት። ቅዳሜ ማታ ባለቤቷ ሣጥኑን ሲቆጥሩ 2,590 ብር ብቻ ተገኘ። 150 ብር የት ሄደ?

ሰውዬው በዚህ ጊዜ ያደረገውን ልንገራችሁ። ከኪሱ አልሞላም፤ ቁጥሩንም አላስተካከለም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እትዬ፣ ዛሬ ለማን ምን ሰጡ? ቀስ ብለው ያስቡ» አላቸው። ሴትዮዋ አሰቡ። «ውይ! ለፈጪው ልጅ ከደመወዙ ላይ አበድሬዋለሁ እኮ» አሉ። 150 ብር። ወዲያው ተጻፈ። ያ መስመር በዚያች ማታ ባይጻፍ ኖሮ በወሩ መጨረሻ ልጁ ሙሉ ደመወዝ ይቀበል፣ ወይም «አልተበደርኩም» ብሎ ይካድ፣ ወይም ደግሞ ሳይሰርቅ ሌባ ይባል ነበር። የዕድሩ ሽማግሌ ነገር የጀመረው እንዲሁ ነው። ሒሳብ የሚጻፈው በዕለቱ ነው። ለነገ የተባለ ሒሳብ ልክ እንዳደረ ወሬ ይለወጣል።

ስለ ወፍጮው ገና አልጨረስኩም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነውና። ሴትዮዋ በየሳምንቱ ሣጥናቸው ውስጥ ገንዘብ ስላለ «አተረፍኩ» ይሉ ነበር። ለልጅ ልብስ፣ ለማኅበር ድግስ፣ ለቤት ክዳን እየወሰዱ አወጡት። በሦስተኛው ዓመት የወፍጮው ድንጋይ አለቀ። አዲስ ድንጋይ ለመግዛት 18,000 ብር ተባሉ። አልነበራቸውም። ወፍጮው አንድ ወር ቆመ፤ ሴቶች እህል ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ተጓዙ። ከተመለሱት ደንበኞች ይልቅ ያልተመለሱት በለጡ።

ድንጋዩ እኮ በአንድ ቀን አላለቀም! በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተበላ ነው። 18,000 ብር ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 6,000፣ በወር 500 ብር ነው። ይህ 500 ብር ማንም ሰው እጁን ዘርግቶ ያልተቀበለው ወጪ ነው፤ ስለዚህ ካልጻፉት አይታይም። ተማሪዎች ይህን የእርጅና ተቀናሽ እንለዋለን። ሰውዬው ግን በደብተሩ ላይ «ለድንጋይ» ብሎ በየወሩ 500 ብር ይጽፋል፤ ባለቤቷም ይህን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጣሉ። ባለቤቷ ለቤት የሚወስዱት ደግሞ የወፍጮው ወጪ አይባልም፤ በራሱ ቦታ ይጻፋል። አለዚያ ወፍጮው ያክስር ወይም ቤቱ ይብዛ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። የሱቅ ችግር ዱቤ ነው። ዱቤ ገንዘብ ስላልሆነ ገቢ ተብሎ አይጻፍም፤ ገንዘብ ከሣጥን ስላልወጣም ወጪ ተብሎ አይጻፍም። የራሱ መዝገብ አለው። በዚያ ላይ የተበዳሪው ስም፣ ቀኑ፣ የወሰደው ዕቃና ዋጋው ይሰፍራል፤ ከጎኑ ተበዳሪው ራሱ ይፈርማል። ዕዳው ሲመለስ በዱቤው መዝገብ ላይ ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ በገቢው ዓምድ ላይ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ቀደም ባለው ዘመን የዱቤውን ደብተር የሚጽፈው አበዳሪው ብቻ ነበር። ገበሬው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤ ምን እንደታተመበት አያነብም። ኩንታል ተበድሮ ኩንታል ተኩል ሲከፍል የኖረ ስንት አለ! ዛሬ እናንተ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት መስመሩን አንብቡ። ባለ ሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ። ሒሳብ ያዡ ጓደኛችን ገና ሥራ ሲጀምር ለአንድ ባለ ሱቅ የነገረው ይህንኑ ነው፦ «ተበዳሪው ካላነበበ እኔ አልጽፍም።» ባለ ሱቁ መጀመሪያ ቅር አለው። ኋላ ግን ዱቤ የወሰዱ ሰዎች «አልወሰድኩም» ማለት ሲያቆሙ ራሱ ደብተሩን ወደ ተበዳሪው ማዞር ጀመረ።

ስለ ሙያው ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የሚጽፍ ሰው ገንዘብ አይይዝም፤ ገንዘብ የሚይዝ ሰው አይጽፍም። ሁለቱ በአንድ እጅ ከገቡ መዝገቡ ማንንም አያሳምንም። ዕድሩ ይህን ሰው ስለ ታማኝነቱ «ገንዘቡንም አንተው ያዝልን» ብሎት ነበር። እንቢ አለ። ብዙ ሰው ትዕቢት መሰለው። እኔ ግን ሥራውን ያቆመው ይህ እንቢታ ነው እላለሁ። ዛሬ ገንዘብ በስልክም ይተላለፋል፤ ለምሳሌ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በእሱም ቢሆን ደንቡ ያው ነው፤ ስልኩ የደንበኛው ነው፣ መልእክቱ የደንበኛው ነው፤ ጸሐፊው አንብቦ ይገለብጣል እንጂ ምስጢር ቁጥር አይቀበልም።

ታዲያ ይህ ሰው በምን ይኖራል? መጀመሪያ ላይ ደንበኞቹ በቁና እህል፣ አንዳንዴም በቡና ይከፍሉት ነበር። አንድ ነጋዴ «ከትርፌ ከዐሥር አንዱን ልስጥህ» አለው። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ አይደለም። ክፍያው ከትርፍ የሚመጣ ጸሐፊ ትርፉን በእስክሪብቶው ማሳበጥ ይቀለዋል። ስለዚህ በወር ቁርጥ ገንዘብ ይሁን ብሎ ከእያንዳንዱ ደንበኛ 500 ብር ተስማማ። ሰባት ደንበኞች ነበሩትና 3,500 ብር ሆነ። ደስ አለው።

የሚያስቀው ግን ይህ ነው፤ የሰባት ሰው መዝገብ ሲይዝ የራሱ መዝገብ አልነበረውም። አንድ ማታ «እስቲ ያንተን እንጻፍ» አልኩት። የቤት ኪራይ 800 ብር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ 250 ብር፣ ሩቅ ወዳሉት ሁለት ሱቆች ለመሄድ የጋሪ 600 ብር፤ ድምሩ 1,650 ብር። የተረፈው 1,850 ብር ነው። በወር ሃያ ቀን ይሠራ ነበርና በቀን 92 ብር ከ50 ሳንቲም ደረሰው። በዚያ አካባቢ ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ከዚያ የበለጠ ያገኛል። ሰውዬው ዝም አለ። ከዚያ «ለካ እኔም እንደ ወፍጮዋ ነኝ» አለ።

በማግሥቱ ያደረገው ሁለት ነገር ነው። ሩቆቹን ባለ ሱቆች «ቅዳሜ ለገበያ ስትመጡ ደረሰኛችሁን ይዛችሁልኝ ኑ» አላቸው፤ የጋሪው 600 ብር ቀረ። ክፍያውንም በደረሰኙ ብዛት አደረገው። በወር ሃያ ደረሰኝ ያለው ሻይ ቤትና መቶ ሃምሳ ደረሰኝ ያለው የእህል ነጋዴ እኩል መክፈላቸው ልክ አልነበረም፤ ድካሙ እኩል አይደለምና። ሻይ ቤቱ ቀነሰለት፤ የእህል ነጋዴው 900 ብር ሆነበት። በጠቅላላው በወር 5,200 ብር ገባ። ኪራይና ወረቀት ሲነሣ 4,150 ብር ቀረ።

ረዳት የቀጠረው ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሀብት አይደለም፤ ክረምት ነው። በአገራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቅና ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ነጋዴው ሁሉ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ ግብሩን የሚያሳውቅበት ወራት የሚጀምረው እርሻው ሰው በሚፈልግበት በዚያው ሰሞን ነው። በሬ ጠምዶ ደብተር መዝጋት አይቻልም። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰች የጎረቤት ልጅ በ1,500 ብር ቀጠረ። 2,650 ብር ቀረለት። እሷ ደረሰኙን በቀን በቀን ታደራጃለች፤ እሱ ይጽፋል፤ ከዚያ እሷ ደግማ ትደምራለች። የአንዱን ስሕተት ሌላው ያገኛል። እኔ ራሴ ስደምር 7ን 1 ብዬ ያነበብኩትን ያገኘችው እሷ ናት።

ግብርን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ግብር ሰብሳቢው የአነስተኛ ነጋዴዎችን የቀን ገቢ በግምት ተምኖ ነበር። በብዙ ከተሞች ታላቅ ቅሬታ ተነሣ፤ ሱቃቸውን የዘጉም ነበሩ። ግምቱ ስንቱን እንደበደለ እዚህ አልፈርድም። ነገር ግን መዝገብ የሌለው ነጋዴ «በዝቶብኛል» ከማለት በቀር በእጁ ምንም አልነበረም። ያ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው «አልበላሁም» ያሉት ሽማግሌ ትዝ ይሏችኋል?

ይኸው ግብር ሰውዬውን ዋጋ አስከፈለው። ያ 900 ብር የሚከፍለው የእህል ነጋዴ አንድ ማታ መጣና «ሁለት ደብተር ያዝልኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለግብር» አለው። ክፍያውንም እጥፍ አደርጋለሁ አለ። ሰውዬው እንቢ አለ። ነጋዴው መዝገቡን ሰብስቦ ሄደ፤ አልተመለሰም። «ያ ገበሬ ፊደል ቆጠረና ዳኛ ሆነብን» እያለም በገበያው አወራበት። ከሚተርፈው 2,650 ብር ላይ 900 ተነሥቶ 1,750 ቀረ፤ ረዳቷን ግን አላሰናበተም። ለምን እንቢ እንዳለ ስጠይቀው «አንድ ሁለት ደብተር ከጻፍኩ የሌሎቹም ደብተር ሁለት አለው ይባላል፤ ዕድሩ ምን ብሎ ያምነኛል?» አለኝ። በሱ ቦታ ብሆን እኔስ 900 ብሩን እለቅ ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም።

ያ ነጋዴ ሲያወራበት ሰዎች «እሱስ ስንት ያተርፋል? ዕዳ አለበት?» ብለው ጠይቀውታል። አልተናገረም። ጠላ ቤት ተቀምጦ የደንበኛውን ሒሳብ የሚያወራ ጸሐፊ ከሌባ አይሻልም። የወፍጮዋ ባለቤት ዕቁብ ሲገቡም የዕቁቡ ዳኛ መጥቶ «ይችላሉ ወይ?» ብሎት ነበር፤ «እሳቸውን ጠይቁ» ብሎ መለሰው። ደብተሮቹ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ደረሰኝ አይጣልም፤ በየወሩ በክር ታስሮ ይቀመጣል።

ይህን ሥራ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ሁለት ነገር እወቁ። ለሰው ሒሳብ በክፍያ መያዝ ንግድ ስለሆነ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ወረዳችሁን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ መጻፍና መመርመር ይለያያሉ። ደብተሩን የጻፈ ሰው «መርምሬ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ በራሱ ጽሑፍ ላይ ሊፈርም አይችልም። ኦዲተሮችንና የተመሰከረላቸውን ሒሳብ ዐዋቂዎች የሚቈጣጠር የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ በ2006 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ መሠረት የተቋቋመ ነው። ጓደኛችን ኦዲተር አይደለም፤ ነኝም አይልም። የዕድሩን ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ ዕድሩ የመረጣቸው ሦስት ሰዎች ይመረምሩበታል። ከሦስቱ አንዱ ጊደራቸውን የሸጡት ሽማግሌ እንዲሆኑ የጠየቀው እሱ ነው። ሽማግሌው ገና መልስ አልሰጡም።

መልመጃ

አሁን እርሳስና ወረቀት አንሡ። የአንድ ሱቅ ሳምንት ይህ ነው፤ ገቢውን በገቢ፣ ወጪውን በወጪ ዓምድ ጻፉና ቅዳሜ ማታ በሣጥኑ ስንት ብር መገኘት እንዳለበት አውጡ።

ሰኞ፣ የዞረ፣ 3,000 ብር
ሰኞ፣ ሽያጭ፣ 1,750 ብር
ማክሰኞ፣ ስኳር ተገዛ፣ 2,200 ብር
ረቡዕ፣ ለጎረቤት በዱቤ የተሰጠ ዘይት፣ 400 ብር
ዓርብ፣ ከቀድሞ ዱቤ የተመለሰ፣ 250 ብር
ቅዳሜ፣ ሽያጭ፣ 2,600 ብር
ቅዳሜ፣ ለመብራት፣ 180 ብር

5,220 ብር ከመጣላችሁ ልክ ናችሁ። 4,820 ከመጣላችሁ ግን የረቡዕን መስመር ደግማችሁ አንብቡና ዘይቱ ሲወጣ ከሣጥኑ ገንዘብ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ።